እናታችን ሽታ የጠፋባት ጊዜ

ትናንት ከቡልጋሪያ ሰፈር ስመጣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ብርቱካን ላጠች። ሽታው መኪናውን ሞላው፤ እኔም ሳላስበው መውረጃዬን አለፍኩት። እስቲ ቁጭ በይና ልንገርሽ፣ እህቴ። አንቺ ያኔ ጡት የምትጠቢ ሕፃን ስለነበርሽ እናታችንን ከፎቶ በቀር አታውቂያትም።

የሳይንስ አስተማሪ ነበረች። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ዛሬ ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ በዚያ ሳልፍ በራችን የቱ ጋ እንደነበር እንኳን መለየት አልችልም። ለተማሪዎቿ የምታስተምረውን ሁሉ መጀመሪያ እኔ ላይ ትሞክረው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን በሻሽ አሰረችና "አፍንጫሽን ያዢ" አለችኝ። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር ጨመረችልኝ። ይጣፍጣል፣ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። "በቃ፣ አሁን ልቀቂው" ስትለኝ ብርቱካን መሆኑን ወዲያው አወቅኩ።

"አየሽ፣ ምላስ ብዙ አያውቅም" አለችኝ እየሳቀች። "ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውን፣ የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም ይለያል፤ በቃ። ስታኝኪ ሽታው በጉሮሮሽ በኩል ወደ አፍንጫሽ ይወጣል። እዚህ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ሽታ የሚቀበሉ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ። ብርቱካን ነው ብለው ለአንጎልሽ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።"

ክረምቱ ሲገባ የምትሠራው ወጥ ጨው ይበዛበት ጀመር። አባታችን ውሃ እየደጋገመ ይበላ ነበር። ቀጥሎ ራስ ምታቱ መጣ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከማድ ቤታችን ጭስ ይወጣል። ወተቱ ምድጃው ላይ አሮ፣ ድስቱ ከስሏል። እናታችን ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አንቺን ታጠባለች። ጎረቤታችን ሮጣ ገብታ ምድጃውን አጠፋችው።

"ቲቸር! ቤቱ ሊነድ እኮ ነው! አይሸትሽም እንዴ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው" አለች እናታችን።

በማግስቱ ሻሹን በራሷ ዓይን ላይ አሰረችና "በይ ፈትኚኝ" አለችኝ። ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዋ ሥር አስጠጋሁላት። "ቀጥይ" አለች። ሳሙና። "ቀጥይ።" የነጭ ጋዙን ጠርሙስ ከፍቼ አቀረብኩላት፤ እኔን አስነጠሰኝ፣ እሷ ግን "ቀጥይ" አለች። መጨረሻ ላይ ብርቱካን መላጥ ስጀምር "ብርቱካን!" አለች። በደስታ ዘልዬ አቀፍኳት። ሻሹን ስትፈታው ግን በእንባ ርሶ ነበር።

"ሲላጥ ሰምቼው ነው፣ የኔ እናት" አለችኝ።

አባታችን ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ ከግንባሯ ጀርባ፣ የሽታ ነርቮች የሚያልፉበት ቦታ ላይ ዕጢ እንዳለ ነገራቸው። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ትንሽ ቀና አለችና ሕመሙ ተመልሶ ጣላት። ምግብ አስጠላት። "ወረቀት የማኝክ ነው የሚመስለኝ" ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ ሽታ ሁሉ በእኔ በኩል ሆነ። "ዝናብ ሲጥል ምን ይሸታል? የአባትሽ ኮት ምን ይሸታል?" ትለኛለች። ነፋሱ ከቄራ በኩል ሲመጣ እንኳን "ንገሪኝ" ትላለች። "ይገማል" ስላት "እንዴት አድርጎ?" ብላ ታፋጥጠኛለች። እኔም ቃል ፍለጋ እጨነቅ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ የደከምኩበት ትምህርት አልነበረም።

ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል በገባችበት ቀን ጠዋት፣ ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንቺን ጭኗ ላይ አስተኝታሻለች።

"የእሷ ራስ ምን ይሸታል?" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩሽ። "ወተት። ለብ ያለ ወተት። ትንሽ ደግሞ ቅባት።"

"ሌላስ?"

"እንጃ፣ እማዬ። እሷን እሷን ነው የሚሸተው።"

ሳቅ አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ፀጉርሽ ውስጥ ቀብራ በረጅሙ ሳበች፣ ደግሞ ሳበች። ውጪ የቆመው ታክሲ ጥሩምባ ቢነፋም ቀና አላለችም። አባታችን ቀስ ብሎ መጥቶ ከእቅፏ ወሰደሽ።