በኅዳር ሚካኤል የተነሳው ሞተር

ይህ የሆነው ከሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ወዲህ፣ በከተማችን በጉንደ ወይን የሚያልፈው መንገድ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ቀኑን ግን አልረሳውም፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር። ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ወጥቷል። ያ ቀን ግን አልወጣም። እንዲያውም ሌላው በጠፋ ቁጥር እሱ እየደመቀ መጣ።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። ቢተው እባላለሁ፤ በከተማችን ባለወፍጮ ነበርሁ። የአስኳላ ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከቄስ ነው፤ እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ብቻዬን ተማርሁ። የናፍታ ሞተርም ማንም አላስተማረኝም። የወፍጮዬ ሞተር ገና በአዲስነቱ ሲቆምብኝ፣ መካኒክ ከደብረ ማርቆስ እስኪመጣ ከምጠብቅ ብዬ ራሴ ፈታሁት፤ ራሴ ገጠምሁት፤ ተነሳ። ቆይቼም ዲናሞ አስሬበት ከቤቴ አልፎ ለጎረቤት መብራት ሰጠሁ። ይህን ስናገር "ጉራ ነው" የሚሉኝ አሉ። ጉራ ማለት ያልሠሩትን ማውራት ነው። እኔ የሠራሁትን ነው የማወራው።

ሮዴል የሚባል የፊሊፒንስ ወጣት የመንገድ ሥራው የማሽን መካኒክ ሆኖ መጣ። ካምፕ ማደር ሰልችቶት ከጓሮዬ ያለችውን ክፍል ተከራየ። አጠር ያለ፣ ሳቂታ፣ እጁ ሥራ የማይፈታ ልጅ ነበር። የከተማው ሰው "ቻይናው" ይለዋል። እኔ ደግሞ ባገኘሁት ሁሉ ላይ እየተቆጣሁ፣ ፊሊፒንስ ሌላ ቻይና ሌላ መሆኑን መሬት ላይ በእንጨት እየሣልሁ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ስሙ ስለከበዳት "ልጄ" ትለው ነበር። እሱም እኔን "አባባ" ማለት ለመደ።

አንድ እሑድ ሞተሬን አብረን ስናጸዳ የልቡን ነገረኝ። ከአውስትራሊያ ባሻገር ኒውዚላንድ የምትባል የበግና የላም አገር አለች። ይህች አገር ለጥቂት የፊሊፒንስ ወጣቶች ለየት ያለ ቪዛ ትሰጣለች አለኝ። የሚኬደው አገር ለማየት ነው። ገንዘብ ሲያልቅ ፖም እየለቀሙ፣ ላም እያለቡ ይሠራሉ፤ ኪሳቸው ሲሞላ እንደገና መንገድ ይጀምራሉ። ዓመቱ ሲያበቃ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

"እናቴ ሰው ቤት ልትሠራ ዐረብ አገር ሄደች፤ ወንድሜ መርከብ ላይ ነው፤ እኔም ይኸው እዚህ ነኝ" አለኝ። "ከቤታችን ባሕር ያልተሻገረ የለም። ለማየት ብሎ የተሻገረ ግን አንድም የለም። አንድ ዓመት ብቻ፣ አባባ። አንድ ዓመት የራሴ።"

ችግሩ ዕድሜው ነበር። ያ ቪዛ ሠላሳ ዓመት ላለፈው አይሰጥም። ሮዴል ደግሞ በቅርቡ ያንን ድንበር ሊያልፍ ነው። ይህ ካመለጠው ሌላ ጊዜ የለውም።

ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቶ የቀረችው አንዲት የሐኪም ማስረጃ ነበረች። እሷን ለማምጣት አዲስ አበባ ሄዶ በሚካኤል ዋዜማ ተመለሰ። በኮምፒዩተሩ ልላካት ሲል ከተማው መብራት ጠፍቷል። የኮምፒዩተሩ ባትሪ ከሞተ የቆየ ስለነበር፣ ገመዱ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። የስልክ ማማው የራሱ ጀነሬተር ስላለው ኔትወርክ አልጠፋም። ግን ምን ዋጋ አለው!

ጠዋትም መብራት አልመጣም። የሆቴሉ ባለቤት ጀነሬተሩን ቆልፎ ለክብረ በዓል ገጠር ወጥቷል። ጀነሬተር ወዳለው ካምፕ የሚወስደው ሾፌርም የለም፤ ሁሉም በየደብሩ ነው።

"እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጠብቁህ?" አልሁት።

"ዛሬ እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን ይዘጋል።"

አሰላሁት። ፀሐይ እነሱ ዘንድ ቀድማ ስለምትወጣ፣ የእነሱ እኩለ ሌሊት የእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። አሰላሁና ቀና ብዬ ወደ ወፍጮ ቤቴ አየሁ።

ጥሩወርቅ ዓይኔን ተከትላ አየች። "አንተ ሰውዬ! እንዳታስበው!" አለች።

እውነት አላት። በእኛ አገር በኅዳር ሚካኤል ሥራ አይነካም። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ የተከመረበት ወር ነው። አንድ ሰው በዓል ከሻረ በረዶው የሚወርደው በእሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሁሉም ላይ ነው ይባላል። አንዱ ጎረቤታችን በሚካኤል ዕለት አጥር ሲያጥር ተገኝቶ፣ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ እሳት የሚሰጠው ቤት አላገኘም። አጥር ማጠር እንኳ ድምፅ የለውም። የእኔ ሞተር ሲነሳ ግን ከወንዙ ማዶ ይሰማል።

ስለዚህ ሮዴልን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ዝክር ሊቀምስ ተቀምጧል። የደብሩን ቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ፈንታን፣ መሐላቸው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ነገሩን ነገርኋቸው።

"በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ሞተር?" አሉ። "ቢተው፣ ሥልጣኔ ራስህ ላይ ወጣ እንዴ?"

"የኔታ፣ ልጁ ዕድሉ ሊያልፍበት ነው።"

"ምን ዕድል? ዐረብ አገር ነው?"

እየተረጎምሁ አስረዳሁ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

"ቆይ፣ ቆይ። እየሠራ እየበላ፣ አገር ላገር ሊዞር ነው የምትለኝ?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ሀብት ሊያከማች አይደለም?"

"አይደለም። ሊያይ ነው።"

"ምኑን ነው የሚያየው? ጠይቅልኝ።"

ጠየቅሁት። ሮዴል ትንሽ አሰበና፣ "አላውቅም። ስላላወቅሁ ነው የምሄደው" አለ።

ስተረጉምላቸው መሪጌታ ሳቁ። "ታዲያ ይሄ እንደኛው የቆሎ ተማሪ ነዋ! እኔስ ከዲማ ተነስቼ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ስንት ደብር ዞርሁ? ቅኔ ፍለጋ እንላለን እንጂ ግማሹ እኮ አገር ለማየት ነው። ማን ቪዛ ጠየቀን? ውሻ ነው እንጂ!"

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተሞላ። ያልሳቀው ጌትነት የሚባል ገበሬ ብቻ ነበር። ከእነ ጠላ ዋንጫው ተነሳ።

"የኔታ፣ እርስዎ ይስቃሉ። የኔ ጤፍ ግን ሜዳ ላይ ነው" አለ።

ሳቁ ቆመ። ለልጁም ለከተማውም የሚሆን መላ ያገኘሁት በዚህ ጊዜ ነው፤ ብልሃት አያልቅብኝም።

"ቺንጋውን እፈታዋለሁ" አልሁ። "ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘው ትልቁ ጠፍር ነው። እሱ ከወጣ ሞተሩ ዲናሞውን ብቻ ነው የሚያዞረው። ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም፤ አንዲት ፍሬ አይፈጭም።"

"የወፍጮ ሥራው መፍጨት ነው፤ መጮህ አይደለም" አሉ መሪጌታ። "እንግዳ መርዳት ደግሞ በዓል አይሽርም። ግን ሰው በዓይኑ ይይ። ፍታና ቺንጋውን ለእኔ አምጣ።"

ከደጀ ሰላሙ ተነስተው ቀድመውኝ ወጡ። የቀረው ሕዝብ ተከተላቸው። ቺንጋውን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ጠቅልለው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀመጡትና፣ ከነነጭ ካባቸው ላዩ ላይ ተቀመጡበት። የናፍታ ቅባት የጠጣ ቺንጋ ነው! ጥሩወርቅ "ኧረ የኔታ፣ ልብስዎ!" ብላ ቁርበት ይዛ ስትሮጥ በእጃቸው መለሷት።

ጌትነት ግን በዚህም አላመነም። ውስጥ ገብቶ መዳፉን የወፍጮው ድንጋይ ላይ አሳረፈ። "ከተነቃነቀ እኔን ነው የምታገኙት" አለ።

ማኒቬላውን፣ የሞተሩን ማስነሻ እጀታ፣ ይዤ አዞርሁት። ሞተሩ ተነሳ። ከመንገድ ማዶ ያሉ ሰዎች እያማተቡ ከየቤታቸው ወጡ። የዲናሞው ኃይል ከፍ ዝቅ ካለ ኮምፒዩተሩን ስለሚያቃጥል፣ የናፍታ መስጫውን በእጄ ይዤ ዓይኔን አምፖሉ ላይ ተከልሁ። አምፖሉ ሲደምቅ እቀንሳለሁ፤ ሲፈዝ እጨምራለሁ። ይህን ሥራ በዚያ አገር ከእኔ በቀር የሚሠራው አልነበረም። ዛሬም የለም።

ሮዴል የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጦ ቁልፎቹን ይነካካል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እየላከ ሳለ ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል። ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

በዚህ መሐል ከጮቄ ተራራ በኩል ደመና ተነሳ።

ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ጉምጉምታ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ተሰማ።

"አያችሁ!" አለ አንዱ ከውጭ። "አጥፋው፣ አያ ቢተው! አጥፋው!"

እጄ የናፍታው መስጫ ላይ ነው። ብዘጋው የልጁ ነገር ያልቅለታል። ባልዘጋው ደግሞ በዚያች ከተማ ከእንግዲህ ማን እህል ያስፈጭልኛል? እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ።

መሪጌታ ከተቀመጡበት ሳይነሱ መቋሚያቸውን አነሱ። "አምናስ?" አሉ። "አምና በኅዳር ሲዘንብ የማን ሞተር ተነስቶ ነበር? እኔ ነኝ የፈቀድሁት፤ ሚካኤል የሚጠይቀው እኔን ነው። ዝም በሉ!"

እሳቸው ካፊያው እየወረደባቸው እዚያው ቺንጋው ላይ ተቀመጡ። ጌትነት እጁን ከድንጋዩ አላነሳም። ቀና ብዬ ሳየው ሰማዩን ትቶ የሮዴልን ጣቶች ይመለከት ነበር።

"አሁንስ? ሄደ ወይ?" አለኝ።

"ገና ነው" አልሁት።

"በል እንጂ፣ አንተ ልጅ! በርታ!" ብሎ ጮኸበት። አማርኛ እንደማይሰማ ረስቶታል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሮዴል ከከረጢቱ ላይ ዘለለ። ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም፤ በገዛ ቋንቋው ነበር። ከዚያ አጠገቡ ያገኘውን ጌትነትን አንገቱን አቅፎ ሳመው። ሞተሩን ዘጋሁት። በዚያ ጸጥታ የሰማሁት የእልልታ ድምፅ የጥሩወርቅ ነበር፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ካፊያው አቧራ እንኳ ሳያርስ ወደ አባይ በረሃ አለፈ። መሪጌታ ሲነሱ የካባቸው ጀርባ ጥቁር ክብ ታትሞበት ነበር። ሕዝቡ እየሳቀ ወደ ዝክሩ ተመለሰ።

ሮዴል ቪዛውን አግኝቶ በጥር ሄደ። ዓመቱ ሳያልቅ ከፖም እርሻ ላይ ሆኖ ስልክ ደወለልኝና፣ በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ መሪጌታ ነው። ስልኩን ወስጄ ሰጠኋቸው። እሳቸው በአማርኛና በግእዝ ሲመርቁት፣ እሱ በእንግሊዝኛ ሲመልስ፣ ረጅም ጊዜ አወሩ።

"ምን አለዎት፣ የኔታ?" አልኋቸው።

"እንጃ" አሉ። "ግን ብዙ አይቷል።"

መሪጌታ ካረፉ ቆዩ። እኔም ሞተሬን ለአንድ የቁይ ነጋዴ ሸጥሁት፤ ዛሬ ወፍጮው ሁሉ በመብራት ነው። የሮዴልም ስልክ ከጊዜ በኋላ መሥራት አቆመ። የሚናፍቀኝ ግን ሞተሩ አይደለም። ያን ያህል ሰው በዓሉን ትቶ፣ ለማያውቀው ልጅ የማያውቀው አገር እንዲከፈትለት ቆሞ የጠበቀበት ቀን ነው የሚናፍቀኝ።

አሁን የእኛም ልጆች ይሄዳሉ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሻንጣ ይዞ የሚያልፈውን ሁሉ "ለምን ነው የምትሄደው?" እላለሁ። "ለሥራ" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ግን አንድ ቀን አንዱ "ለማየት ነው፣ አባባ" ቢለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሞተር ተበድሬም ቢሆን አስነሳለታለሁ።