የጋሽ ሙሐዲን ዲኤክስ ስንት ያወጣል?

አየር ጤና ባለው የኢንሹራንስ ቢሯችን ሃያ ዓመት ስቀመጥ ያላየሁት ዓይነት ደንበኛ የለም። ያረጀ መኪናውን እንደ ሙሽራ አሞካሽቶ ዋጋውን የሚቆልል አለ። ትናንት ተጋጭቶ ዛሬ ጠዋት ውል ካልገባሁ ብሎ የሚሟገት አለ። መኪናዬን ከዋጋው በታች ካላስጻፍኩ ብሎ ችክ ያለ፣ ያውም ለሐቅ ሲል፣ የማውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ሙሐዲን ይባላሉ። ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ሚስማር፣ ሽቦና የበር ቁልፍ ይሸጣሉ።

መጀመሪያ የመጡት በጥቅምት 1997 ነው። ያኔ እኔ ከአስኮ እየተመላለስኩ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ኩባንያችን ዛሬም ትንሽ ነው፤ ከከተማው ምዕራብ ወዲያ ቅርንጫፍ የለውም። ያኔማ ቢሮው ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ኮምፒውተርና እኔ ነበርን። ያንን ጊዜ ሳስበው ሆዴ ይባባል። ደንበኛ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ አውርቶ ነበር ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ዛሬ ቁጥር ቆርጦ ስልኩን እየነካካ ይቆማል፤ እኔም ቀና ብዬ ፊቱን የማላይበት ቀን አለ።

ጋሽ ሙሐዲን ሰማያዊ ቶዮታ ዲኤክስ ገዝተው ነበር። የሸጠላቸው እዚሁ አየር ጤና ጋራዥ ያለው ወዳጃቸው ወልደ አማኑኤል ነው። ዋስትና ሲያፈላልጉ ሦስት ኩባንያ አዳርሰው እኛ ዘንድ የመጡት አራተኛ ነው። ስለ ክፍያው አልጠየቁኝም፤ ስለ ቅናሹም አልጠየቁኝም።

"ልጄ፣ ብጋጭ የሚመጣው ማነው?" አሉኝ።

ስልክ ቁጥር ልጽፍላቸው ስል እጃቸውን አነሱ። ቁጥርማ ሌሎቹም ሰጥተዋቸዋል፤ እሳቸው የጠየቁት ሰው ነው። ግራ ቢገባኝ "እኔ እመጣለሁ፤ ሌሊሴ እባላለሁ" አልኳቸው። እንዲህ ለማለት ሥልጣኑም መኪናውም አልነበረኝም። እሳቸው ግን ስሜን ከደረት ኪሳቸው ባወጧት ማስታወሻ ላይ ጻፉና ውል ልግባ አሉ። ኋላ እንደሰማሁት ሚስማር ሲረከቡም እንዲሁ ናቸው፤ ከካርቶኑ አንዷን አውጥተው አጉብጠው ሳያዩ አይቀበሉም። እኔንም አጉብጠው ማየታቸው ነበር።

ቅጹን ስንሞላ "የመኪናው ዋጋ" የሚለው ላይ ስንደርስ ስልሳ ሁለት ሺህ ብር አሉ፤ የገዙበት ነው። ያኔ ነገሩ ትክክል ስለነበር ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጋሽ ሙሐዲን ከች ይላሉ። ኮታቸው ተተኩሶ፣ ያለፈው ዓመት ውል በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። ብጋጭ ማነው የሚመጣው ይሉኛል፤ እኔ ሌሊሴ እላለሁ፤ እንስቃለን፤ እናድሳለን። የሚደሰቱት በአንድ ነገር ነበር፤ በቅናሹ። በእኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ ካሳ ያልጠየቀ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከሚከፍለው ይቀነስለታል። ዓመት በጨመረ ቁጥር ቅናሹም ያድግና ከግማሽ ያልፋል። እሳቸው ጣሪያው ላይ ከደረሱ ቆይተዋል። አይጋጩም ማለቴ አይደለም። ኮልፌ መንደር ውስጥ መስታወት ቢረግፍ፣ በር ቢጫር፣ ሁለት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ያጠፋው ያሠራል፣ ተሳስመው ይለያያሉ። ለዚህ ብሎ ኢንሹራንስ ቢሮ መሄድ ጎረቤትን መክሰስ ይመስላቸዋል። የቅናሹን ወረቀት ግን ቤታቸው ወስደው ለባለቤታቸው ለእትዬ ሃፊዛ ያነቡላቸዋል፤ የጠባይ ምስክር ወረቀት አድርገው ነው የሚያዩት።

ያ ዲኤክስ ያልሠራው ሥራ የለም። ሰፈሩ ውስጥ አንዲት ሴት ምጥ ሲያጣድፋት የሚንኳኳው የጋሽ ሙሐዲን በር ነው። ሙሽራ ሲወጣ ሪባን የሚታሰረው እሱ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት አሮጊቶቹን የሚያደርሰው እሱ ነው። የቤንዚን እንኳ አይቀበሉም። እትዬ ሃፊዛ የኋላ ወንበሩን በራሳቸው እጅ በሠሩት ነጭ ዳንቴል አልብሰውት ነበር፤ ወላድ በተጫነች ማግስት አጥበው፣ አስጥተው፣ መልሰው ያለብሱታል። እኔም አንድ ጊዜ ዝናብ ላይ አግኝተውኝ እስከ አስኮ ሸኝተውኛል። በዚያ ዳንቴል ላይ በጭቃ ልብስ ለመቀመጥ እንዴት እንደተሳቀቅሁ አልረሳውም።

የዛሬ ሦስት ዓመት እትዬ ሃፊዛን ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ከዳ። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ መሳፈር አይችሉም። ሰኞና ሐሙስ ለሕክምና የሚወስዳቸው፣ ዓርብ እህታቸው ዘንድ የሚያደርሳቸው ያው መኪና ነው። ዲኤክሱ ከቆመ እሳቸውም ከግቢ አይወጡም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የመኪና ዋጋ ደግሞ ጣሪያ ነካ። በስልሳ ሁለት ሺህ የተገዛው ዲኤክስ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ እያለ ሰባት መቶ ሺህ ይጠራ ጀመር። በየዓመቱ አስረዳኋቸው። ኢንሹራንስ የሚክሰው በተጻፈው ዋጋ መጠን ነው አልኳቸው። ሰባት መቶ ሺህ የሚያወጣውን በስልሳ ሁለት ያስጻፈ ሰው ከመኪናው አሥራ አንድ እጅ አንዱን ብቻ ነው ያስጠበቀው፤ ጥገና ሲመጣም ከአሥራ አንድ ብር አንድ ብር ነው የሚደርሰው። ቅናሹም ቢሆን የዚያችው የአንዷ እጅ ቅናሽ ነው። በደንብ ሰሙኝ፤ መስማትስ ይሰማሉ።

"ገዝተሽው ታውቂያለሽ በሰባት መቶ?" አሉኝ። "እኔ ሱቄ ውስጥ የገዛሁበትን ተናግሬ ነው ትርፌን የምጠይቀው። ለሚስማር ያልዋሸሁ ለመኪና ልዋሽ?"

ውሸት አይደለም ብል፣ ሕጉ ነው ብል፣ ወይ ፍንክች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ቢሮ ውስጥ ወረቀቱ የእኔ ነበር፣ ሞኙ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። በመጨረሻ ታከተኝ። ወረፋው በዛ፣ አለቃዬ ደንበኛው ያለውን ጻፊ አለኝ፣ እኔም "እንደ አምናው?" እላለሁ፣ እሳቸው "እንደ አምናው" ይላሉ። አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። አንድ ዓመት ጨክኜ ብጨቃጨቃቸው ኖሮ እላለሁ።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ሰው ነው፤ አንድ ሽማግሌ ተጋጭተው፣ ከማስታወሻቸው ላይ ስሜን አሳይተውት ነው የደወለው። ከአየር ጤና ወደ ኮልፌ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሏቸው፣ ፊት ለፊት ተማሪዎች መንገድ ሲያቋርጡ አይተው፣ መሪውን ጠምዝዘው ከግንብ አጥር ጋር ተላትመዋል። ለአለቃዬ ሳልናገር ወጣሁ።

ስደርስ ዝናቡ ያካፋል። ዲኤክሱ ፊት የለውም። ኮፈኑ ተጣጥፎ፣ አንዱ የጎማ ሽፋን ተቀርፎ፣ መብራቶቹ ረግፈው ነበር። እሳቸው የሆነ ሰው ጃንጥላ ይዞላቸው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል። ግንባራቸው ከመቧጠጡ በቀር ደህና ናቸው። እትዬ ሃፊዛ አብረው አልነበሩም።

ቀና ብለው አዩኝና "መጣሽ" አሉኝ።

መጣሁ እንጂ ምን ይዤ መጣሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። መኪናው ወልደ አማኑኤል ጋራዥ ተጎትቶ ገባ፤ የጥገናው ግምት መቶ ሃምሳ ሺህ መጣ። ማታውን ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ከአሥራ አንድ አንዱ ተወስዶ፣ ደንበኛው በራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ተቀንሶ፣ የሚቀረው ኮፈን እንኳ አይገዛም። ይህችን ሲቀበሉ ደግሞ የሃያ ዓመቱ ቅናሽ ይሰረዛል። በማግስቱ ሱቃቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝም እወድ ነበር። እሳቸው የቆጠሩትን ቁልፍ ወደ ሳጥኑ እየመለሱ፣ ካሳው ይቅር፣ ቅናሹ ግን አይነካ አሉኝ። የሚያሠሩበት ብር የላቸውም፤ የነበረው ለእትዬ ሃፊዛ ሕክምና አልቋል። መኪናውን እንዳለ ለብረት ለመሸጥ አስበው ነበር።

ቤታቸውም ሄድኩ። እትዬ ሃፊዛ በር ላይ ወንበር ወጥቶላቸው መንገዱን ያያሉ። ሁለት ሰኞ፣ ሁለት ሐሙስ አልፏቸዋል። የታመመው እጃቸው ተመልሶ መተሳሰር ጀምሮ ነበር። ስለ መኪናው አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ የጠየቁኝ ተማሪዎቹ ደህና መሆናቸውን ነው። ስወጣ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ከዚያ የሆነውን ያወቅሁት ኋላ ነው። ወልደ አማኑኤል መኪናውን ለብረት አልሸጥም ብሎ ጋራዡ በር ላይ፣ አላፊ አግዳሚው የሚያየው ቦታ አቆመው። ሌላ አንድም ነገር አልተናገረም። የኮልፌ ሰው ሲያልፍ ያየዋል፣ ዳንቴሉን ሲያይ ያውቀዋል። መጀመሪያ የመጣው ሞቲ የሚባል ባለባጃጅ ወጣት ነው። እናቱ እሱን ስታምጥ ሆስፒታል የደረሰችው በዚያ ወንበር ላይ ነው። ከአጎቱ የቆመ ዲኤክስ ነጭ ኮፈን ነቅሎ በባጃጁ ጭኖ አመጣ። ዘይቱና መለዋወጫ ትሸጣለች፤ ለሠርጓ ሪባን የታሰረው እሱ ላይ ነበር፤ ሁለቱን የፊት መብራት ይዛ መጣች። አንዱ አረንጓዴ የጎማ ሽፋን፣ አንዱ ራዲያተር፣ አንዱ የአንድ ቀን ጉልበት አመጣ። ወልደ አማኑኤል ቆርቆሮውን አቃና፤ ፍሬኑን እንደ አዲስ ሠራው። ደቦ ለአጨዳ ሲወጣ አያቶቼ አገር አውቃለሁ፤ ለመኪና ሲወጣ ያየሁት ያኔ ነው። ጋሽ ሙሐዲን የሰሙት ሊያልቅ ሲል ነው ይባላል።

ጥቅምት ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ ኮታቸው ተተኩሶ፣ ያለፈው ዓመት ውል በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከች አሉ። ቁጥር ሳይቆርጡ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ወረፋው አጉረመረመ፤ ያጉረምርም። ቅጹን ከፍቼ "የመኪናው ዋጋ" ላይ ስደርስ፣ ልማድ ነውና፣ "እንደ አምናው?" አልኩ።

"አይደለም" አሉ። "የአምናውን እኔ ነኝ የገዛሁት፤ የገዛሁበትን ነግሬሻለሁ። ይሄኛውን ግን አልገዛሁትም፣ ሰው ነው የሰጠኝ። ሰው የሰጠኝን አሳንሼ ማስጻፍ አልችልም። ገበያው የሚለውን ጻፊ።"

ሰባት መቶ ሺህ ብዬ ጻፍኩ። ክፍያው ሲሰላ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነበር፤ ያ እምብዛም ጠቅሟቸው የማያውቀው ቅናሽ ግን ከግማሽ በላይ ቆረጠው፤ የቀረውን ይችሉታል። ሃያ ዓመት ለከንቱ ያከማቹት ይመስለኝ ነበር።

መኪናውን አይቶ መመዝገብ ደንብ ስለሆነ አብሬያቸው ወጣሁ። በሩ ፊት ቆሟል፤ ነጭ ኮፈን፣ አረንጓዴ የጎማ ሽፋን፣ የቀረው ሰማያዊ። እትዬ ሃፊዛ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሰኞ ነውና ወደ ሕክምናቸው ናቸው። ደህናውን እጃቸውን አነሱልኝ። ቀለም የሚለው ቦታ ሦስቱንም አልያዘልኝም፤ በኅዳጉ ላይ ጨመርኩት።

ጋሽ ሙሐዲን ሞተሩን አስነሱ። መልሴን አዘጋጅቼ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብጋጭ ማነው የሚመጣው ብለው ሳይጠይቁኝ ሄዱ።