የጤናዬ መርዶ

ጤናዬ በርበሬ ተራ ከገባች ጀምሮ ጉሮሮዋ ደህና ሆኖ አያውቅም። ከአውራጁ ጋር ትጮኻለች፣ ከደላላው ጋር ትጮኻለች፤ አብነት ሰፈር ያለው ቤቷ ስትገባ ለልጇ የሚሆን ድምፅ አይተርፋትም። ባሏ አገኘሁ በ1980 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ተራ ታፍሶ ለውትድርና ሲወሰድ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ደርግ ወደቀ፣ የተረፈው ወታደር እግሩን እየጎተተ ተመለሰ፤ አገኘሁ ግን የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሞተ ያለ የለም፣ አየሁት ያለም የለም። እሷም ሚስት አልሆነች፣ መበለት አልሆነች። በየወሩ የእድሩ ጸሐፊ ስም ሲጠራና «አገኘሁ» ሲል፣ «አለ!» የምትለው እሷ ናት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «አለ» ማለት እንዴት እንደሚያደክም ያላየው አያውቀውም።

በ1995 ልጇ ሩታ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዛ ሱቅ መጣች። የአሜሪካኖች የድሮ ተረት ነው፤ አንብቦ መልእክቱን መጻፍ ነው ሥራው። የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ለእናቷ በአማርኛ ታወራላት ጀመር። አንድ ሰነፍ ባል የሚስቱን ጭቅጭቅ ሸሽቶ ተራራ ይወጣል፤ እዚያ ያገኘውን መጠጥ ጠጥቶ ሃያ ዓመት ይተኛል። ሲመለስ ንጉሡ ተሽሯል፣ ጢሙ ተንዠርግጓል፣ ሰፈሩ አያውቀውም።

«ሚስቱስ?» አለች ጤናዬ።

«ሞታለች። ከነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቅ።»

«ማን ቀበራት?»

«አይልም እኮ እማዬ! ሰውዬውማ ተገላገልኩ ብሎ ደስ አለው። ሴት ልጁ ቤት ገብቶ ሲያወራ ኖረ።» ሩታ ዓይኗ እያበራ ደብተሯን አሳየቻት። «መልእክቱን ጽፌዋለሁ። የጠፋ ሰው ይመለሳል። የኛ ከጠፋ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።»

ጤናዬ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማችው። ወሬው ሁሉ ስለተኛው ነው፤ እንቅልፍ ሳይወስዳት ስለከረመችው አንድ መስመር እንኳ የለም። አንቺ እዚሁ ስትጮኺ ትሞቻለሽ፣ እሱ መጥቶ እፎይ ይላል፤ እሷ ከተረቱ የተረዳችው ይኼንን ነው።

እሑድ እድሩ ላይ «አገኘሁ» ተብሎ ሲጠራ «ሞቷል» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ።

«መርዶውን ማን ነገረሽ?» አሏት የእድሩ ዳኛ ጋሼ ምንይሉ።

«ማንም። ደከመኝ ጋሼ። እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሲመካከሩ ዋሉ። ወግ ወግ ነውና ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኩ፤ ራሷ የነገረቻቸውን ሊያረዷት። ጋሼ ምንይሉ «አገኘሁ አርፏል» ሲሉ ጤናዬ ገና መስማቷ ይመስል ደረቷን መታች። ለማስመሰል አልነበረም፤ ያ ሁሉ ዘመን የታመቀ ለቅሶ ነው የወጣው።

ሩታ ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። «የት ሞተ? ማን አየው?»

ጋሼ ምንይሉ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ሳያስቡት ጤናዬን አዩ። ልጅቷም እሳቸው ወዳዩበት አየች፤ መርዶው ከማን እንደመጣ ገባት።

ጎረቤት ሴቶች ሩታን ጥቁር ነጠላ ሊያለብሷት ሲሉ ተቀብላ በጥንቃቄ አጣጠፈችውና እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ልበሺው» አለቻት። «የገደልሽው አንቺ ነሽ።»