የውጭ ተማሪ ተብዬ የተጻፍኩበት ቀን

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ልመስክር ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። እህት እታለም «አጭር አድርጊው» ብላኛለች። አጭር አይሆንም፣ ከአሁኑ ይቅር በሉኝ። ደግሞም እልል የሚባልበት ምስክርነት የምትጠብቁ ካላችሁ፣ የእኔ እንባ ይበዛበታል። ቢሆንም ስሙ ይባረክ! በእንባም ቢሆን ስሙ ይባረክ!

ብርቄ እባላለሁ፣ የደምቢያ አይሁድ ልጅ ነኝ። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፣ አያ ፈንታ። የራሳቸውን ወንዶች ልጆች እርሻ ላይ አሰማርተው እኔን ጎንደር ከተማ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሬያቸውን ሸጠው ነው ያስተማሩኝ። ሰው «ለሴት ልጅ በሬ ይሸጣል?» ብሎ ሲስቅባቸው «ቀንዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ» ይሉ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ ኩራታቸው ከቁመታቸው ይበልጣል።

እሳቸው ቤተሰቡን ይዘው በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ምድር ወጡ። እኔ አስራ ሁለተኛን ልጨርስ ብዬ ቀረሁ፤ በኋላ የተማሪ ቪዛ አግኝቼ በአውሮፓ በኩል መጣሁ። ብዙው ወገናችን በአውሮፕላን ከመጣበት ክረምት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ቂርያት ማላኪ፣ አያ ፈንታ ቤት ገባሁ።

በሳምንቱ ወረቀቴን ለማስተካከል ሚስራድ፣ መጤ ወደሚመዘገብበት የመንግሥት ቢሮ፣ ወሰዱኝ። ጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ፕኪዳ፣ ጸሐፊዋ ማለቴ ነው፣ ፓስፖርቴን አገላብጣ «ለምን መጣች?» አለች። የጠየቀችው ስለ እኔ ነው፣ ግን በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ልጅ አይመልስም። አያ ፈንታ በሁለት ዓመት የለቀሙትን ዕብራይስጥ ይዘው ደረታቸውን ነፉ።

«ለትምህርት ነው የመጣችው! ተማሪ ናት! ከመንግሥት ምንም አንፈልግም፣ እኛ አለንላት።»

ፕኪዳዋ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ብላ ጻፈች። በቃ። አያ ፈንታ እየሳቁ ወጡ፤ ችግረኞች ነን ብለው ባለመለመናቸው ደስ ብሏቸው ነበር። እንደ እኛ ላለ ሰው ባለሥልጣን ፊት «ርዱን» ማለት ሞት ነው። በዚህ አገር ግን ያንን ያላለ ሰው እንዳልተቸገረ ተቆጥሮ ይጻፋል። ይህን ማን ነገረን?

ቋንቋውን ተማርኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ለፋርማሲ ተቀበለኝ። አያ ፈንታ ደብዳቤውን ይዘው የሕንፃውን ፎቅ ሁሉ ዞሩ፣ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ አሳዩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ፣ የክፍያው። ይዤው ወደ ዩኒቨርሲቲው መዝጋቢ ሄድኩ።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለችኝ። «ኦላ ብትሆኚ፣ ልትኖሪ የመጣሽ አይሁዳዊት ተብለሽ ብትመዘገቢ፣ ትምህርቱን መንግሥት ይከፍልልሽ ነበር። በወረቀትሽ ላይ ግን የውጭ አገር ተማሪ ነሽ። የውጭ አገር ተማሪ ከአገሬው በላይ ይከፍላል፣ በዶላር፣ ያውም ከመመዝገቡ በፊት።»

ያኔ ሸቀሉ እንዴት ይወድቅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ደመወዝ ኪስ ሳይገባ ያልቅ ነበር። ዶላር ከየት ይመጣል? «ዘመዶቼ በሙሉ ኦሊም ተብለው ተመዝግበዋል እኮ!» ብዬ አለቀስኩ። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፣ ውሃ ሰጠችኝ። «ሚስራድ ሄደሽ አስቀይሪው፣ ቦታሽን አንድ ዓመት እናቆይልሻለን» አለችኝ።

ሚስራድ ስሄድ «የመጀመሪያው መልስ ስህተት ከነበረ የመለሰው ሰው ቀርቦ ይፈርም» አሉ። ሮጬ ቤት መጣሁና ለአያ ፈንታ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «በሽምግልናዬ ዋሽቼ ነበር ብዬ ልፈርም? ድሃ ነኝ ብዬ ልፈርም? አይሆንም።» ደግሜ ለመንኳቸው። «አይሆንም አልኩሽ!»

ወገኖች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላኋቸው። ቃሉን አላሳምረውም፣ ጠላኋቸው። ሰባት ወር በአንድ ቤት ስንኖር አላናገርኳቸውም። ምግባቸውን አቀርባለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ። ጠዋት ጉልበታቸውን መሳም ተውኩ። ሚስታቸው «ኧረ ተይ፣ አባትሽ ናቸው» ስትለኝ «አባቴ ሞቷል» አልኳት፣ እሳቸው እየሰሙ። 

ሥራ የገባሁት ገዴራ አጠገብ ብርቱካን ማሸጊያ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የበሰበሰውን ከደህናው መለየት ነበር ሥራዬ። እዚያ ነው ሆዴ የታመመው። የበላሁትን እመልሳለሁ፣ ቀበቶዬ ላይ በየወሩ አዲስ ቀዳዳ እበሳለሁ። ቀጠሮ ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ራጅ አነሱኝ፣ ደሜን ወሰዱ፣ ኪኒን ሰጡኝ። ሐኪሙ ሩማንያዊ ሽማግሌ ነበር። «ልጄ፣ ቁስል የለብሽም። የሰጠሁሽ ኪኒን ሁሉ አልሠራም። ቤት ውስጥ ምን አለ?» አለኝ። «ምንም የለም» አልኩት። «እንግዲያው እኔም ምንም የለኝም» ብሎ ካርዴን አጠፈው።

አሁን ወደ እታለም ልምጣ። ከጎኔ ቆማ ብርቱካን የምትለይ ሴት ናት፣ የወልቃይት ልጅ። ምሳ ሰዓት ዳቦዬን ለወፍ ስበትን አየችኝ። አንድ ቀን «ማንን ነው የምትጾሚበት?» አለችኝ። ተናደድኩ፣ ግን ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ደንቡን፣ ዶላሩን፣ አያ ፈንታን። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። «ቅዳሜ ያቭነ ነይ፣ የምንጸልይበት ቤት አለ» ብቻ አለችኝ። መሸሻ ስላጣሁ መጣሁ። እዚያ የበሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱኛላችሁ፣ ኮቴን ሳላወልቅ የተቀመጥኩት።

የዚያን ቀን የተነበበው ስለ ይቅርታ ነው። እኔ «አያ ፈንታ ቢሰሙት!» እያልኩ ነበር። ጸሎት ሲጀመር ግን ሌላ ነገር ሆነ። ወገኖች፣ እስካሁን አንድ ነገር አስቀርቼባችኋለሁ፤ ለእታለምም አልነገርኳትም ነበር። ያን ቀን ሚስራድ ውስጥ ፕኪዳዋ ከመጻፏ በፊት ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ ጠይቃኝ ነበር። «እሱ እንዳለው ነው? ለትምህርት ብቻ ነው የመጣሽው?» ብላኛለች። ደህና አድርጌ ገብቶኛል። አያ ፈንታ እንግሊዝኛ አያውቁም። እውነቱን ብናገር ሽማግሌውን በሰው ፊት ማዋረድ መሰለኝና «አዎ» አልኩ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ እሳቸው ላይ የጫንኩት የራሴን «አዎ» ነበር!

ሳሎን መሐል ወደቅሁ። «ጌታ ሆይ፣ ውሸታሟ እኔ ነኝ» አልኩ። የሱሱን፣ መሲሑን፣ ያን ቀን ተቀበልኩ። የእኔን ዕዳ ሌላ ሰው ሲሸከም ምን እንደሚመስል አውቄው ነበራ፤ አያ ፈንታን ሳይወዱ አሸክሜያቸዋለሁ። እሱ ግን ወዶ ተሸከመ። ሃሌ ሉያ! ክብር ለስሙ!

ቤት ስደርስ አያ ፈንታ ሶፋው ላይ ነበሩ። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ልብሳቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና አለቀሱ። «ልጄን የገደልኳት እኔ መስሎኝ ነበር» አሉ። ያን ቀን ምሳ አብረን በላን፣ ሆዴም ያዘው። ጌታ ይመስገን! እስከ ዛሬ ይዞታል።

«ያላ፣ ተነሺ፣ እሑድ ሚስራድ እንሄዳለን፤ ድሃ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ» አሉ። እዚህ ላይ ባበቃ እንዴት ጥሩ ነበር።

እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ማመኔን ነገርኳቸው። መደበቅ አልቻልኩም።  ያ ጊዜ የእኛ ሰዎች በረቢዎቹ «አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ እንደገና በውሃ ተነከሩ» ተብለው፣ በተቃውሞ አደባባይ የተቀመጡበት ጊዜ ነው፤ አያ ፈንታም አብረው ተቀምጠዋል። «አገር ቤት ለአይሁድነታችን መሬት ተነፈግን» አሉ። «ሱዳን ላይ ስንቱን ቀበርን። እዚህ ደርሰን ደግሞ አይደላችሁም ይሉናል። አንቺ ትመሰክሪላቸዋለሽ?»  ይመለሳሉ ብዬ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ግን ቀድመው ገቡ።

ሚስራድ ውስጥ ያሉትን አደረጉ። ያ ኩሩ ሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው «ያን ቀን ተሳስቻለሁ። ድሆች ነን። ልጅቷ ልትኖር ነው የመጣችው» አሉና ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ፕኪዳዋ አዲሱን ቅጽ ወደ እኔ ገፋችው። በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሃይማኖት ለውጠሻል ወይ የሚል። አያ ፈንታ ጠጋ ብለው በአማርኛ «ለእግዜር በልብሽ ንገሪው፣ ለፕኪዳ አትንገሪ» አሉኝ። እየለመኑኝ ነበር። በሕይወታቸው ለምነው የማያውቁ ሰው!

ወገኖች፣ ብዕሩ እጄ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው በአንድ ቃል ይከፈታል። ማንም አያውቅም። ግን ለዚያች ጠረጴዛ አንዴ ዋሽቻለሁ። «አይሁዳዊት ነኝ፣ አይሁዳዊት ሆኜ እሞታለሁ። የሱስ መሲሑ እንደሆነ ግን አምናለሁ» አልኳት። ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው። «ፋይሉ ወደ ኢየሩሳሌም ይሄዳል። እስከዚያው የውጭ አገር ተማሪ ነሽ» አለች። አያ ፈንታ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሳይጠብቁኝ ወጡ።

ቤት ስንደርስ «ውጪ አልልሽም» አሉኝ፣ «ጉልበቴን ግን እንዳትስሚ።» በሳምንቱ ሻንጣዬን ይዤ እታለም ቤት መጣሁ። ከኢየሩሳሌም እስካሁን መልስ የለም። ዓመቱ አለቀ፣ ቦታዬም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሰኞም ማክሰኞም ብርቱካን እለያለሁ። ፈውስ አገኘሁ እንጂ ነገሩ ሁሉ ተስተካከለልኝ አላልኳችሁም። የሚከፋኝ ቀን አለ፤ ነጭ ካፖርት የለበሰች ልጅ ሳይ ሥራዬን ትቼ ሽንት ቤት ገብቼ የማለቅስበት ቀን አለ።

ባለፈው ሐሙስ ገዴራ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አያ ፈንታን አገኘኋቸው። ስድስት ወር ሙሉ ድምፃቸውን አልሰማሁም ነበር። ራሴን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ። ቀና ብለው አላዩኝም። «ትበያለሽ?» አሉ ወደ መንገዱ እያዩ። «እበላለሁ፣ አያ።» «ይረጋል?» «ይረጋል።» «በይ ደህና ነው» አሉ፣ አውቶቡሳቸው መጣና ሄዱ። ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ጌታን አመሰገንኩ፣ ሁለት አውቶቡስ አመለጠኝ።

ወገኖች፣ ለአያ ፈንታ ጸልዩልኝ። ከበሩ አጠገብ ኮትሽን ሳታወልቂ የተቀመጥሽ እህት ካለሽ ደግሞ፣ ጌታን ካመንሽ ደንቡ ይለወጥልሻል አልልሽም። የእኔ አልተለወጠም። ነገር ግን ያጠፋሽውን ለእሱ ንገሪው፣ ከዚያም ለበደልሽው ሰው ንገሪው። የሚያስከፍልሽን ያስከፍልሻል። እሱ ግን አይለቅሽም፤ እኔን አለቀቀኝም። አሜን።