ባለ አንድ ዓይኑ አራሽ

የመምህር ባየህ ችግር የጀመረው ከቲማቲም ነው።

ወረታ ዳር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የአንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ተለጥፏል። ከእያንዳንዱ ፊደል ጎን ሥዕል አለ፤ ከ«በ» ጎን በግ፣ ከ«ፖ» ጎን ፖም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ልጁ ሥዕሉን ያያል፣ ስሙን ይጠራል፣ የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ ከፊደሉ ጋር ያያይዛል። ፖም የሚበላበት አገር ቢሆን ጥሩ ዘዴ ነበር። የፎገራ ልጅ ግን ክብና ቀይ ነገር ሲያይ ወደ አፉ የሚመጣለት አንድ ስም ብቻ ነው፤ አባቱ በበጋ በመስኖ የሚያለማው። ስለዚህ «ፖ»ን እያየ፣ ጮክ ብሎና በሙሉ እምነት፣ «ቲ» ይላል። የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ልጆቹ «ፖሊስ»ን ለምን «ቲሊስ» ብለው እንደሚያነቡ ሳይገባት ስንት ዓመት ኖራለች።

ባየህ የሚያስተምረው ክወናና እይታ ጥበባት ነው፤ በሰው አፍ «ሥዕል»። አንድ ቀን የቀረ መምህር ተክቶ አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው ጉዱን ያየው።

«ልጆቹ አልተሳሳቱም» አለ መምህራን ክፍል ተመልሶ። «ሥዕሉን በትክክል አንብበዋል። የተሳሳተው ሥዕሉ ነው።»

«እንግዲያ ሥዕሉን ዜሮ ስጠውና እንገላገል» አለው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ካሴ።

ባየህ ግን የሚገላገል ሰው አይደለም። ሥዕል ያለበት መጽሐፍና የገጽ አሠራር ሱሱ ነው። ሌላው ባሕር ዳር ሄዶ ዘይትና ሳሙና ይዞ ሲመለስ እሱ የሕፃናት መጽሐፍ ይዞ ይመለሳል፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል፤ እጁን ሳይታጠብ አይነካውም። የሥራ ባልደረቦቹን እየያዘ አንድ ገጽ ይከፍትና «መጀመሪያ ዓይንህ የት አረፈ?» ይላቸዋል። «ዓይን እንደ መስኖ ውሃ ነው፤ ቦይ ካልቀደድህለት የትም ይፈስሳል» ይላቸዋል። በዚህ የተነሣ ሻይ ሰዓት ላይ አጠገቡ ያለው ወንበር ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሰሚያ ግን ደንበኛዋ ስለሆነ ማምለጫ የላትም። የሱቋ ታፔላ ላይ የሱቁ ስም፣ ስልክ ቁጥሯ፣ «ላሚኔሽን»፣ «የሠርግ ጥሪ»፣ አንድ ጽጌረዳና አንድ አውሮፕላን ተሥሏል።

«አውሮፕላኑ ምን ይሠራል?» ይላታል።

«ፍጥነት ነው።»

«ግማሹን ባዶ ብትተዪው እኮ ዓይን ያርፍበታል።»

«ዓይን ማረፍ ከፈለገ ቤቱ ይሂድ። ሙሉ ቆርቆሮ ገዝቼ ግማሹን ለማን ልተው?»

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የራሱን መጽሐፍ ለመሥራት የተነሣው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንድ ገበሬ በጥንድ በሬ የሩዝ ማሳውን ያርሳል፤ በየገጹ አንድ ነገር ያገኛል። «ሽ» ላይ ሽመላ፣ «እ» ላይ እንቁራሪት፣ «ት» ላይ ትንኝ፣ «ሩ» ላይ ሩዝ። ሁሉም ልጁ ከደጃፉ ሳይርቅ የሚያያቸው ናቸው። መጽሐፉ የሚባዛው በሰሚያ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ቀለም አይወድም፤ ቀዩን ያጠቁራል፣ ቢጫውን ይውጣል። ባየህ ግን በዚህ ተደሰተ እንጂ አልተከፋም። የፎገራ በሬ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ነውና ከማሽኑ እንዳለ ይወጣል። «እግዜር የፎገራን ከብት ሲፈጥር ፎቶ ኮፒን አስቦ ነው» አላት ሰሚያን። እሷም ቀለም ቆጣቢ ከብት በማየቷ ደስ አላት።

ቀጥሎ የመጣው አቅጣጫ ነው። መጽሐፍ ሲገለጥ የልጅ ጣት የሚያርፈው በቀኙ ገጽ ጠርዝ ላይ ነው። በሬዎቹ ወደ ቀኝ ከሄዱ ልጁ ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ይፈልጋል፤ ማወቅ ከፈለገ ይገልጣል፤ ከገለጠ ያነባል። ስለዚህ ባየህ በሬዎቹንም ገበሬውንም ከጎን፣ ወደ ቀኝ እየሄዱ ሣላቸው። ሰው ከጎን ሲታይ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያሰላ ሰው ያላሰላት ይህችን ነበር።

ለገበሬው መልክ የሰጠው በርብ ወንዝ በኩል የሚያርሰው አያ አንለይ ነው፤ ልጁ ጥሩብርሃን በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። አያ አንለይ «መጽሐፍ ላይ ልወጣ ነው» ብሎ ገበያ ላይ ያላወራለት ሰው አልነበረም።

በግንቦት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ተሰበሰበ። ኅብረቱ ካልፈቀደ መጽሐፉ ክፍል አይገባም፤ በመስከረም የሚመጡት ልጆችም እነጥሩብርሃን ጭምር እንደገና «ፖ»ን «ቲ» ይላሉ። ባየህ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አባዝቶ አደለ። ሰብሳቢው መሪጌታ ተክለ ማርያም ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት።

«አንለይ» አሉ፣ «ከዚህ መምህር ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ኧረ የለንም የኔታ።»

«ታዲያ ለምን ከሰይጣን ወገን አሰለፈህ?»

ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ማስረዳት ያስፈልጋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ናቸው፣ አሳልፎ የሰጠውም ነው። ማንም ተቀምጦ አያስተምረውም፤ ሰው ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግድግዳውን እያየ ያደገበት ነገር ነው። ባየህም ያውቀዋል። ፈተና ላይ እንኳ ለሰባተኛ ክፍሎች አውጥቶታል።

«ምን በደልሁህ መምህር?» አለ አያ አንለይ፣ ቀስ ብሎ። «ለሰው ሁሉ ልወጣ ነው ብያለሁ። አሁን ከነማን ጋር ወጣሁ ልበል?»

ባየህ ስለ ገጽ ጠርዝ፣ ስለ ልጅ ጣት፣ ስለ ዓይንና ስለ ቦይ አስረዳ። ረጅም ጊዜ አስረዳ። መሪጌታ በትዕግሥት ሰሙት።

«ገጹ ይዙር» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ገጽ አይዙር አላልንም። ሰውየው ግን ይየን።»

«በሬዎቼስ?» አለ አያ አንለይ። «እነሱ ምን አጠፉ?»

በሬዎቹም እንዲያዩ ተወሰነ። ሽመላዋ አከራከረች፤ እንቁራሪቷ ዓይኖቿ ከላይ ስለሆኑ በነፃ አለፈች። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣው ተወካይ ደግሞ የግብርና ባለሙያ ሥዕሉ ውስጥ እንዲገባ፣ እሱም በሁለት ዓይን እንዲሆን አሳሰበ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ካሴ ቃለ ጉባኤ እየጻፈ ቀና አለ።

«ትንኟስ?»

«ለትንኝ አንድም ይበዛባታል» አለ አንድ ወላጅ።

ባየህ ሠርቶ መጣ። አሁን ገበሬው፣ ሁለቱ በሬዎች፣ ሽመላዋና ባለሙያው ጎን ለጎን ቆመው ወደ አንባቢው አፍጥጠዋል፤ የሠርግ ፎቶ ነው የሚመስለው። የሚያርስ የለም፤ የሚሄድ የለም። ለጥሩብርሃን ሰጣትና ትገልጠው እንደሆነ ተመለከተ። ልጅቱ የመጀመሪያውን ገጽ ይዛ ቀረች።

«ለምን አትገልጪውም?»

«እያዩኝ ነው» አለች። ቀጥላም «ምን አጥፍቼ ነው?» አለች።

መፍትሔው የተገለጠለት በንግሥ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነው። ግድግዳው ላይ ፈረሰኛው ሰማዕት አለ። ፈረሱ ከጎን እየጋለበ ይሄዳል፤ የሰማዕቱ ፊት ግን ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ገላ ወደ ገጹ ጠርዝ፣ ፊት ወደ አንባቢ። ምእመኑ ሲሰግድ ባየህ ከደስታው የተነሣ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ማታውኑ አያ አንለይን እንዲሁ ሣለው፦ እጁ ዕርፍ ላይ፣ በሬዎቹ ወደ ፊት፣ ፊቱ በትከሻው ላይ ወደ እኛ ዞሮ።

«ይኼ ሰው ነው» አሉ መሪጌታ ገና ሲያዩት።

አያ አንለይ ግን ወረቀቱን መለሰለት። «ወደ ኋላው እያየ የሚያርስ ማን አለ? ትልሜ እባብ ሊሆን እኮ ነው። ፎገራ ሙሉ ይስቅብኛል። ከዚህስ የሰይጣን ወገን መሆን ይሻለኝ ነበር።»

መሪጌታም ለአያ አንለይ ፈረዱ። ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ማየት በወንጌልም የማይመሰገን ነገር መሆኑ ትዝ ብሏቸው ነው።

ሰኔ ገባ። ኅብረቱ ክረምቱ ሳይጠና ለመጨረሻ ጊዜ ይሰበሰባል። ባየህ ለገበሬው መዞር ሰበብ ፈለገለት፦ ከኋላ ሰው ይጥራው። አያ አንለይ አሰበበትና «ከተጠራሁስ ልክ ነው፤ ሰው ሲጠራ ዝም አይባልም» ብሎ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ባየህ ጠዋት ጠዋት ጭቃ ውስጥ ቆሞ ከኋላው ይጣራል። አያ አንለይም በሬዎቹን ያቆማል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ባርኔጣውን ያቀናል፣ ደረቱን ነፍቶ በሙሉ ገላው ይዞራል፤ ሁለቱም እንዲቆጠሩለት ዓይኖቹን በደንብ ያፈጣል።

«አያ አንለይ፣ አንገትህን ብቻ።»

«አንገቴም ያው እዚሁ ነው፤ ሣለው።»

ባለቤቱ ጸሐይነሽ እንድትጠራው ተሞከረ። ለእሷ ጭራሽ አልዞረም፤ እያረሰ «ምንድን ነው፣ ተናገሪ» አላት።

ዛሬ ጠዋት ባየህ እርሳሱን ቀርጾ፣ ማሳው ዳር ካለው ደንገል ጀርባ አጎንብሶ፣ ፎገራ ውስጥ አንገት የሚያዞረውን ጩኸት ጮኸ። «ከብት ገባ፣ አያ አንለይ፣ ከብት ሩዙን ገባበት።» በሬዎቹ አልቆሙም፤ የአያ አንለይ አንገት ብቻ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ምንም ዝግጅት አልነበረም፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ታዩ። ከዚያ ከብት እንደሌለ አየና ጅራፉን ይዞ መምህሩን መፈለግ ጀመረ።

ባየህ እስካሁን የአያ አንለይን ግራ ዓይን ሥሎ ጨርሷል። ለቀኙ፣ ደንገሉ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሌላ ውሸት እያሰበ ነው።