ለግራኙ ተክሌ ዋስ የጠፋ ዕለት

የለፋፊነት ሥራ የጀመርሁት በደብረ ብርሃን ቅዳሜ ገበያ፣ በጠፋች በቅሎ ነው። ባለቤቷ ከጫጫ የመጣ ገበሬ ነበር። «ዳማ በቅሎ፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ትናንት ከመስክ ጠፋችብኝ» አለኝ። ለፋፊ የሚቆምበት ድንጋይ ላይ ወጣሁ፤ ቀንዱን ሦስት ጊዜ ነፋሁ፤ ከዚያም «ዳማ በቅሎ ተሰረቀች!» ብዬ ጮኽሁ። ጠፋች ከማለት ተሰረቀች ማለት ለጆሮ የሚጥም መስሎኝ ነበር።

የገበያው ዳኛ አስጠሩኝ።

«ሌባውን አየኸው?»

«አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«ባለቤቷ ተሰረቀች አለህ?»

«ጠፋች ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ውጣና ጠፋች በል።»

በሰው ሁሉ ፊት እንደገና ወጣሁ፤ ጠፋች አልሁ። በቅሎዋ ከቀትር በኋላ የሰው ገብስ ማሳ ውስጥ ስትግጥ ተገኘች።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ጩኸት ይመስላል። ጩኸቱ ግን የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ቃሉን ከባለቤቱ አፍ ትሰማለህ። መልሰህ ትነግረዋለህ። «ልክ ነው» ካለህ ወደ ድንጋዩ ትሄዳለህ። ከእህል ተራ ጀምረህ፣ በከብት ተራ አልፈህ፣ በጨው ተራ ትጨርሳለህ። በሦስቱም ቦታ ቃሉ አንድ መሆን አለበት። ጨው ተራ ስትደርስ ድምፅህ ቢዘጋም ቃሉ አያጥርም፤ ሰው ቢያጨበጭብልህም አይረዝምም።

ለፋፊ ወገን የለውም ይባላል። እኔ ወገን ነበረኝ፤ የደብረ ብርሃን ነበርሁ። ድንጋዩ ላይ ስወጣ ብቻ እተወዋለሁ። ይህን የምለው ስለ ገና ጨዋታ ልነግራችሁ ስለሆነ ነው።

ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ካዞሩ በኋላ በአንኮበርም በደብረ ብርሃንም ብዙ ነገር ቀዘቀዘ። ገና አልቀዘቀዘም። ሁለቱ አገሮች በየዓመቱ ይገጥሙ ነበር፤ አንድ ዓመት እነሱ ዘንድ፣ አንድ ዓመት እኛ ዘንድ። ችግሩ ጎበዙ ጌቶቹን እየተከተለ መሄዱ ነው። አንዱ ወገን ሯጭ ያጥረዋል፤ ሌላው ደኅና መቺ ያጣል። ሰው በሰው መለዋወጥ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ልውውጡ ሥርዓት ነበረው። ሁለቱ አለቆች ይስማማሉ። ተጫዋቹ ራሱ በዳኛው ፊት «እሺ» ይላል። ሰጪው አለቃ ደግሞ ከገዛ ወገኑ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ሰውየው በገናው ዕለት ከአዲሱ ወገኑ ጋር እንዲሰለፍ ይዋሳል። በመጨረሻ ተጫዋቹ ዱላውን ለአዲሱ አለቃ ያስረክባል። ይህ ሁሉ ከገና በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትገባ ማለቅ አለበት። ሲጸና የምለፍፈው እኔ ነኝ። ያልጸና ልውውጥ የለፈፈ ለፋፊ ቀንዱን አስረክቦ ይሄዳል፤ ከእኔ በፊት የነበረው የሄደው እንደዚሁ ነው።

በዚያ ዓመት የሁሉም ዓይን ግራኙ ተክሌ ላይ ነበር። ተክሌ የእኛ መቺ ነው። ሁሉም ሰው በቀኙ ሲመታ እሱ በግራው ይመታል፤ ተከላካዮቹ በአንድ በኩል ሲጠብቁት ሩሩ፣ የጨዋታው ኳስ፣ በሌላ በኩል ያልፋቸዋል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፍነው በእሱ ነው። ለተክሌ ግን ያ ድል መከራ ሆኖበት ነበር። የአንኮበር ወገን አለቃ የሆኑትን የግራዝማች ሀብቴን ልጅ ወዶ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። ግራዝማች ሁለቱንም ጊዜ «ካሸነፈኝ ሰው ጋር አልዛመድም» ብለው መልሰውታል። ይህን የማያውቅ ሰው በሁለቱ አገር አልነበረም።

በዚያ ቅዳሜ ግራዝማች ሰዎቻቸውን ይዘው ከአንኮበር ወጡ። የእኛ አለቃ ባሻ ደምሴ ተቀበሏቸው። ሁለቱ ከከብት ተራ ጀርባ ቁጭ ብለው ብዙ ሲያወሩ ቆዩ። ባሻ ሯጮቻቸው እንጦጦ ሄደውባቸው ነበር። ግራዝማች ደግሞ ሯጭ ሞልቷቸው መቺ አልነበራቸውም። ሰውም የሚሆነውን ጠርጥሮ ገበያውን ትቶ አንገቱን ወደዚያ አስግጎ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግራዝማች በእህል ተራ መካከል አለፉ። በእጃቸው የተክሌን ዱላ ይዘዋል። ያቺን በቀይ ቆዳ የተጠቀለለች ወደ ግራ የጎበጠች ዱላ የማያውቅ የለም።

«ተክሌ ሄደ!» አለ አንድ ሰው።

ከዚያ በኋላ ገበያ አልነበረም።

ቅቤ ሻጯ እትዬ ብርቄ ቅሏን ጥላ ተነሣች። «ይሄ ባሻ! ልጁን እንደ ወጠጤ ነድቶ ሰጠው!»

«ሁለት ሯጭ ተቀብሏል እኮ፣ እትዬ» አለ አንድ የገብስ ነጋዴ።

«ሯጭ ምን ያደርግልኛል? ሯጭ ካማረኝ ጥንቸል አረባለሁ!»

ከጨው ተራ ደግሞ የአልዩ አምባው ነጋዴ ኑሩ አሞሌውን ትቶ እየሮጠ መጣ። ኑሩ ከአንኮበር ወገን ነው። እሱም ራሱን ይዟል። «ወላሂ የተጎዳነው እኛ ነን! አራት እግር ሰጥተን አንድ እጅ?»

«እጁስ ቢሆን ግራ!» አለ ጎረቤቱ።

ያለቀሰ ነበር፤ የዘፈነም ነበር። የእኛዎቹ ንዴታቸውን በዘፈን ጀመሩ።

«የአንኮበር ተጫዋች ዳገት የለመደ፣
ሜዳው ሰፍቶት ቀረ፣ ጉልበቱም ራደ።»

አንኮበሮች አላሳደሩትም።

«የደብረ ብርሃን ልጅ ጣቱን ውርጭ በልቶታል፣
ዱላውን ሲያነሣ ሩር ሄዶ አልፎታል።»

«ከሃዲ!» የሚል ድምፅም ሰማሁ። ለተክሌ ነው። ትናንት «የእኛ ግራ» ሲሉት የነበሩት ናቸው።

ጎረምሶች ክንዴን ይዘው ወደ ድንጋዩ ጎተቱኝ። «ኃይሌ፣ ምን ትጠብቃለህ? ውጣና ለፍፍ!»

«ማን ነገረህ?» አልሁ አንዱን።

«ገበያው ሁሉ ያውቃል!»

«አንተ ምን አየህ?»

«ዱላውን!»

«የሚለወጠው ሰው ነው፤ ዱላ አይደለም።»

ባሻ ደምሴ ራሳቸው መጡ። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ የታኅሣሥ ብርድ ነው። «ኃይሌ፣ ለፍፈው። ሁለት ሯጭ ለአንድ ተክሌ። ከግራዝማች ጋር ጨርሰናል።»

«ተክሌ እሺ አለ?»

«ዱላው እዚያ አይደል እንዴ?»

«ዋሱስ?»

«ዋስ መች ይጠፋል! ኋላ እጠራለሁ። አንዴ ከተለፈፈ ሀብቴ ወደ ኋላ አይልም፤ እኔ የፈራሁት እሱን ነው።»

«ባሻ፣ ሳይጸና ብለፍፍ ቀንዱን የማስረክበው እኔ ነኝ።»

«የእኛ ሰው አይደለህም?»

«ከድንጋዩ ስወርድ ነኝ» አልኋቸውና ተክሌን ልፈልግ ሄድሁ።

ያገኘሁት በሬሳ ወንዝ ዳር ነው። እሳት አንድዶ አዲስ የወይራ ዱላ እያጎበጠ ነበር። ብቻውን ነው። ገበያ ሙሉ ሰው ስለ እሱ ሲያለቅስ እሱ ጭሱን በእጁ ይገፋል።

«አያ ኃይሌ፣ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው? እሳት ተነሣ?»

«ስለ አንተ ነው።»

«እኔ ምን ሆንሁ?»

«አንኮበር ሄደሃል ይላሉ። ዱላህን ግራዝማች እጅ አይተው።»

ሳቀ። «እሷማ ተሰነጠቀች። ልጥላት ስል ግራዝማች አዩኝና ‹ሁለት ዓመት ያቃጠለችኝን ዱላ ስጠኝ፣ እኔም ላቃጥላት› አሉኝ። ሰጠኋቸው።» ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ። «ግን ልውውጥ ተጠይቋል?»

«አለቆቹ ተስማምተዋል ይላሉ ባሻ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለሁለት።»

«ለሁለት!» አለ። የያዘው ዱላ ጫፉ ሲነድ አላየውም። «ግራዝማች እኔን ከፈለጉኝማ… ከእሳቸው ጋር ከተሰለፍሁማ፣ ልጅቷን አይከለክሉኝም። አይደለም፣ አያ ኃይሌ?»

«እሱን አልነገሩኝም። እሺ ወይም እንቢ የምትለው ለዳኛው ነው። ፀሐይዋን ደግሞ እያት።»

አየና ዱላውን ወንዙ ውስጥ ነክሮ ሮጠ። እንደዚያ ሲሮጥ በጨዋታም አይቼው አላውቅም።

ዳኛው ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ሰው ለተክሌ መንገድ ከፈተለት፤ ከሃዲ ሲሉት የነበሩት ጋቢውን በእጃቸው ይነካሉ። ዳኛው አለቆቹን ጠየቁ፤ ሁለቱም ተስማምተናል አሉ። ሁለቱ ሯጮችም እሺ አሉ። ተክሌን ጠየቁት።

«እሺ» አለ ጮክ ብሎ። እትዬ ብርቄ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ዋስ ጥሩ» አሉ ዳኛው።

ግራዝማች ለሁለቱ ሯጮች ኑሩን ጠሩ። ኑሩ ቢያዝንም ሰው አያሳፍርም፤ ወጥቶ ተዋሰ። ተራው የባሻ ሆነ።

«ዋስ!» አሉ ባሻ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሲጮህ የነበረው ገበያ ጸጥ አለ። አህያ ሲያናፋ ተሰማ።

ባሻ የገብስ ነጋዴውን በስሙ ጠሩት። የጆንያውን አፍ ደግሞ ደጋግሞ ማሰር ጀመረ። የእትዬ ብርቄን ባል ጠሩ። ሊነሣ ሲል ጋቢውን ጨምድዳ ያዘችው። «ዋስ ከሆንህ ዛሬ ቤቴ አትገባም!» ተቀመጠ። ባሻ ሌላ ጠሩ፤ ያም ሰማዩን አየ።

«እኔ ለሁለቱም ወገን እዋሳለሁ!» አለ ኑሩ፤ አንዴ ከገባሁበት ብሎ።

«ዋስ የሚሆነው ከሰጪው ወገን ነው» አሉ ዳኛው።

ተክሌ ራሱ ወደ ሰው ዞረ። «ወገኖቼ፣ እባካችሁ። ስለ ልጅቷ ብላችሁ።»

«ልጅ ደብረ ብርሃንም ሞልቷል! እንድርሃለን!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ተክሌ አልሳቀም።

ፀሐይዋ በጫጫ በኩል ጠርዙን ነካች። ባሻ ለሦስተኛ ጊዜ «ዋስ!» አሉ። አንድ ሰው እግሩን አላነሣም። እኔ ዳኛውን አየሁ። ዳኛው ፀሐይዋን ያያሉ።

«ገባች» አሉ።

ቃሉን ከዳኛው አፍ ተቀብዬ መልሼ ነገርኋቸው። «ልክ ነው» አሉ። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ቀንዱን ሦስት ጊዜ ነፋሁ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ለግራኙ ተክሌ ዋስ አልተገኘም። ልውውጡ አልጸናም። ተክሌ የደብረ ብርሃን ነው!»

የተነሣውን እልልታ ዛሬም ስጽፈው ጆሮዬ ይጮኻል። ጆንያ ተደፋ፣ ቅቤ ተረገጠ፣ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቀፈ። አንኮበሮችም ዘለሉ፤ ሁለት ሯጮቻቸው ቀርተውላቸዋላ። የእኔም ልብ ይዘል ነበር፤ ድምፄ ግን ጨው ተራ እስክደርስ አልተለወጠም። ተክሌን ትከሻ ለትከሻ አነሡት። ከሰው ሁሉ በላይ ስለነበር ፊቱን አየሁት። ከዚያ ሁሉ ፊት ያልደመቀ የእሱ ብቻ ነበር።

ገና ዕለት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነበር። እስከ መጨረሻው እኩል ሄድን። ሊያበቃ ሲል ከአንኮበር ሯጮች አንዱ፣ ለእኛ ሊሰጠን የነበረው፣ ሩሩን እየነዳ መጣና መታው። ሩሩ የሄደው በተክሌ ግራ በኩል ነው፤ በጎበዙ እጁ በኩል። ተክሌ ዱላውን አነሣ። ሩሩ አለፈ። ተሸነፍን።

«ሁለቱን ሯጮች ብንወስድ ኖሮ!» አለች እትዬ ብርቄ፣ ገና ከሜዳው ሳንወጣ። ባሏን አየችው። «አንተስ ዋስ ብትሆን ምን ነበረበት?»

የገብስ ነጋዴውም እኔን ያዘኝ። «ያን ጊዜ ባሻ ሲሉህ ብትለፍፈው ኖሮ ዛሬ እንዲህ አንሆንም!»

ግራዝማች ሀብቴ ሜዳውን አቋርጠው ተክሌ ዘንድ ሄዱ። አጠገባቸው ነበርሁ፤ ያሉት ይህ ነው፦ «ካሸነፈኝ ሰው ጋር አልዛመድም ብዬ ነበር። አሁን አላሸነፍኸኝም። ሽማግሌህን ላክ።» ጥምቀት አልፎ ጾም ሳይገባ ተጋቡ። እኔም ሠርጉ ላይ ነበርሁ።

ሰው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል፤ «ተክሌ ሆን ብሎ ነው ያሳለፈው?» ይላሉ። ደብረ ብርሃን ላይ አዎ የሚል ሞልቷል፤ አንኮበር ላይ አይደለም ብሎ የሚምል አለ። እኔ በዚያች ሰዓት ከመስመሩ ዳር፣ ከተክሌ ጥቂት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ዱላው ሲነሣ አይቻለሁ። ሩሩ ሲያልፍ አይቻለሁ። በሁለቱ መካከል ልቡ ምን እንዳለ አላየሁም። ራሱን አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ። ሳቀ። ሳቅ ቃል አይደለም፤ አይለፈፍም።

ለፋፊ ያየውንና የተነገረውን ይናገራል። የቀረውን ለገበያው ይተዋል።