ማዕረጉን ያስረከበው መቶ አለቃ

ከመተማ በስተምሥራቅ ያለች አንዲት ጉብታ ዛሬም ከዓይኔ አትጠፋም። ዛፍ ስላልነበረባት «ራሰ በራዋ» እንላት ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፤ መንግሥት የተለወጠበት ግንቦት። የሻምበላችን ትራፊ እዚያ ላይ ምሽግ ይዟል። እኔ አሥር አለቃ ነኝ፤ ሥራዬ ቁስለኛ ማከም ነው። በቃሬዛ የተኙ አራት ቁስለኞች ነበሩኝ።

ይህን የምጽፈው እዚህ ካርቱም በቤተ ክርስቲያን ለማገኛቸው ወጣቶች ነው። ያገራችን መሪ በፈቃዳቸው ሥልጣን ሊለቁ መሆኑ የተሰማ ሰሞን፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ይከራከሩ ነበር። ከማዮ ሰፈር የሚመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ እንደ አክስቱ ቆጥሮ «ኻልቶ፣ ከወንበር የወረደ ሰው እኮ ያው የሞተ ነው» አለኝ። ጓደኛው ቀበል አድርጎ «ወንበር ላይ ያልወጣኸው አንተ ታዲያ መቼ ተወለድክ?» አለው። ሳቁ። ባለቤቴ ደምሴ ካረፈ ገና ስድስት ወሩ ነበርና ተሰናብቻቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ። መልሴን ቀስ እያልኩ በጽሑፍ ላድርገው።

ያን ዕለት ራሰ በራዋ ላይ ሳለን፣ እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮው ርእሰ ብሔሩ ከአገር መውጣታቸውን ተናገረ። ማታ የሻለቃችን አዛዥ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። ለማንም አልነገሩም። የቀረን መኮንን አንድ ነበር፤ መቶ አለቃ ደምሴ። ያኔ ለእኔ አለቃዬ እንጂ ሌላ አልነበረም።

የገዛ ወታደሮቹ ጠመንጃዎች ወደ እርሱ ዞሩ። አበጋዝ የሚባል መትረየስ ተኳሽ ፊት ለፊቱ ቆመ። «አንተም ልትጠፋ ነው?» አለው። ከዚያ ቀን በፊት አንተ ብሎት አያውቅም።

እኔ የፈራሁት ለቁስለኞቹ ነው። አለቃ ከሌለ ሁሉም ነፍሱን ይዞ ይሮጣል፤ ቃሬዛ የሚያነሣ አይኖርም።

ደምሴ ከትከሻው ላይ ማዕረጉን ፈታ። መሬት ላይ አልጣለውም፤ አጥፎ አንድ ድንጋይ ላይ አኖረው።

«የሾመኝ መንግሥት የለም» አለ። «አደራውን መልሻለሁ። ሱዳን እስክንገባ ግን እነዚህን ሰዎች ጥለን አንሄድም። ማን ይምራን? እናንተ ንገሩኝ።»

በቆላ ስንዘምት አንድ ልማድ ነበረን። ውኃ ሲያጥር ኮዳዎቻችንን ሁሉ አንድ ሰው ዘንድ እናከማቻለን፤ እርሱ በኮዳ ክዳን እየለካ ያድላል፤ ራሱ መጨረሻ ይጠጣል። ያን ጊዜም አንዱ ተነሥቶ ኮዳውን ሃምሳ አለቃ ገላና እግር ሥር አስቀመጠ። ሌላው ተከተለ። ደምሴም የራሱን አስቀመጠ። በዚህ አለቃ አገኘን።

ገላና ደነገጠ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ እኔ እኮ ካርታ አላነብም።»

«ደምሴ በለኝ» አለው፤ ጎንበስ ብሎም ሊሸከም ከአንድ ቃሬዛ ሥር ገባ።

ሌሊቱን ምዕራብ ይዘን ሄድን። ቃሬዛው ላይ የተኛው ታረቀ ቀልደኛ ነበር። «መቶ አለቃ፣ እኔና ማዕረግህ ማን ይከብዳል?» አለው።

«አንተ። ማዕረጉ አይለፈልፍም።»

ገላና ለቃሬዛ ይመቻል ብሎ የመኪናውን መንገድ አልለቀቀም። ረፋዱ ላይ ደፈጣ ውስጥ ገባን። አማፅያን ከሸንተረሩ ተኮሱብን። ተኛን፤ መለስን፤ ተኩሱ ቆመ። ታረቀና ከተሸካሚዎቹ አንዱ የነበረው ሙሉ ሞቱ። በሳንጃ ቆፍረን ቀበርናቸው።

አበጋዝና ሌሎች ደምሴን ወደ አንድ ግራር ጥላ ወሰዱት። እኔ እዚያው አጠገብ ቁስል አጥብ ስለነበር ሰማሁ።

«ተመልሰህ ምራን። እሱ ውኃውን ያድል» አለ አበጋዝ።

«ማታ ያነሣችሁትን ጠዋት ከጣላችሁት፣ ከሰዓት እኔን ትጥላላችሁ» አለ ደምሴ። «ያጠፋውን ለናንተ አላማም። ለራሱ እነግረዋለሁ።»

ሄዶ ገላና አጠገብ ተቀመጠ። ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የመኪናው መንገድ ለደፈጣ እንደሚያጋልጥ አሳየው።

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለው ገላና።

«አልጠየቅከኝም። እኔም በትዕዛዝህ የምገባ መስሎ እንዳይታይብኝ ፈራሁ። ሁለታችንም ተሳሳትን።»

«እሺ፣ አሁን ጠየቅኩ።»

ከዚያ ወዲያ መንገዱን ለቀን በደረቅ ወንዝ ሄድን። አንዱ ይመክር ነበር፤ አንዱ ያዝዝ ነበር። ማን የትኛው እንደሆነ ማንም አልተምታታበትም።

ድንበሩ ወንዝ ላይ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ቃሬዛዎቹ ይሻገሩ ተብሎ ታዘዘ። ውኃው ወገባችን ሲደርስ ከኋላ ተኩስ ተከፈተ። ገላና ሊሸፍነን ቀረ። አበጋዝ ሳይታዘዝ መትረየሱን ይዞ አጠገቡ ተኛ። ገላና ተሻገረ። አበጋዝ አልተሻገረም።

ማዶ የሱዳን ወታደሮች ቆመዋል። መኮንናቸው አለቃችን ማን እንደሆነ በዓረብኛ ጠየቀ፤ ዓይኑ ግን ቁመናው መኮንን በሚመስለው በደምሴ ላይ ነበር። ደምሴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና በእጁ ወደ ገላና አመለከተ። ጠመንጃችንን ተራ በተራ ያስረከብነው በገላና ትእዛዝ ነው። ማንም በማንም ላይ አልተኮሰም።

ታረቀ፣ ሙሉ፣ አበጋዝ። ከቁስለኞቹ ደግሞ ወልዴ ገዳሪፍ ሳንደርስ አረፈ። ሁለቱ ድነው ልጅ ወለዱ። ደምሴን ያገባሁት ካርቱም ከገባን በኋላ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ ግንበኛ ሆኖ፣ በካፉሪ ሰፈር የሰው ቪላ ሲሠራ ኖረ። በመጨረሻም በአልጋው ላይ፣ እጁ እጄ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ከሙታናችን እርሱን አምስተኛ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ልጆቼ፣ ሥልጣን የእግዚአብሔር አደራ ነው ስንል መቀበሉን ብቻ እናስባለን። አደራ ግን ተመላሽ ነው። ከሚመልሰው ሰው ጋር ስለኖርኩ አምላኬን አመሰግናለሁ። በቅዳሴ ለሚገዙን ሲጸለይ እኔም አብሬ አሜን እላለሁ፤ ከዚያ በልቤ ከወንበር ለወረዱት እጨምራለሁ።